ማይኩ ሲዘጋ

ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው የመስታወት ክፍል የሚቀመጡት አሮጊት አስተርጓሚ ሥራ ሲጀምሩ ጫማቸውን ያወልቃሉ። ሹራባቸው ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ ለብ ያለ ውኃም ከአጠገባቸው አይጠፋም። የሙያው ደንብ ነውና ተናጋሪው «እኔ» ሲል እሳቸውም «እኔ» ነው የሚሉት። ጠዋቱን ሙሉ ሚኒስትርም ጄኔራልም ሆነው ይቆዩና ለምሳ ሲወጡ ተመልሰው እማማ ናቸው።

ዛሬ አገሮቹ የተከራከሩት ባሕር ላይ የሚሰጥሙ ስደተኞችን ማዳን የማን ግዴታ ነው በሚለው ሕግ ላይ ነበር። አንዱ ልዑክ ኮቱን ቆልፎ ተነሣ። እሳቸውም አንዲት ቃል ሳያጎድሉ፣ «እኔ ኑ አላልኳቸውም፤ ለሞታቸውም አልጠየቅም» ብለው አስተረጎሙ። ድምፃቸው ዝንፍ አላለም።

ልዑኩ ሲቀመጥ አጠገባቸው ያለው የድምፅ ባለሙያ ማይካቸውን ዘጋ። ከንፈራቸው ግን መንቀሳቀሱን አላቆመም። ባለሙያው ይህን ልማዳቸውን ስንት ጊዜ አይቶ እንዳላየ አልፏል፤ ዛሬ ግን አላስቻለውም።

«እማማ፣ ማንን ነው የሚያናግሩት?»

«ልጄን ነዋ።»

«የት ነው ያለው?»

ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የዓለም ካርታ ሰማያዊውን ባሕር በአገጫቸው ጠቆሙት።

«ያን ያልኩት እኔ አይደለሁም እለዋለሁ። ድምፄን ያውቃል እኮ፤ እንዳይቀየመኝ።»

ሰብሳቢው ቀጣዩን ተናጋሪ ጠራ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ድምፅ ሲያጡ የጆሮ ማዳመጫቸውን መታ መታ ያደርጉ ጀመር። ባለሙያው ግን ጣቱን የማይኩ ቁልፍ ላይ አሳርፎ፣ ሳይከፍተው፣ ከንፈራቸው እስኪያርፍ ጠበቃቸው።