የተሞረደው የንጉሥ ፊት

ዕድሜዬን ብር ስሠራ የኖርኩት አሶሳ ገበያ ዳር ነው። የማውቀው የብር ፊት አንድ ብቻ ነበር፤ ጠገራ ብር ላይ ያለችው ደረተ ሙሉ ሴትዮ። ስንቷን አቅልጬ አምባርና ጉትቻ እንዳደረግኋት እንጃ። አንድም ቀን ከፍቶኝ አያውቅም።

ዘንድሮ ክረምት ሊገባ ሲል አንዲት የሆሞሻ ሴት መጣች፤ ወርቅ አጥባ የምታድር ናት። ከመቀነቷ ፈትታ ትንሽ፣ ክቧ የተዛነፈ ብር ሰጠችኝ። አንገቱ የወፈረ፣ በራሱ ላይ ቅጠል የታሰረለት ሰው አለባት። ግቢዬ ውስጥ ቤት የተከራየው የዩኒቨርሲቲ መምህር አጠገቤ ተቀምጦ ነበርና ተቀብሎ አገላበጣት።

«አባባ፣ ይሄ የጥንት የሮም ንጉሥ ነው። በሱዳን በኩል መጥቶ ይሆናል።»

«ንጉሥ ከሆነማ ይብሳል» አለች ሴትዮዋ።

ነገሩን ቀስ እያለች ነገረችን። ብሯ በቤታቸው ምጥ የያዛት ሴት ወገብ ላይ ትታሰራለች፤ አያቷም፣ እናቷም፣ እሷም በዚህችው ወልደዋል። አሁን የልጇ ወር ገብቷል። ቁርኣን የሚያስተምሩት የመንደሩ ፈቂ ግን ብሯን አይተው፣ የሰው ፊት ካለበት ቤት መልአክ አይገባም አሏት።

«ብሩን መጣል እኔ አልችልም። ፊቱን አንተ አጥፋ።»

«ኧረ እማማ፣ ይሄ ሙዚየም የሚገባ ነገር ነው» አለ መምህሩ።

«ሙዚየም ልጄን ያዋልዳል?»

እኔም ሞከርኩ። «ክዳን ልሥራላት፣ አይታይም» አልኳት።

«ከሥሩ አለ አይደል?»

ሞረዴን አነሳሁ። መጀመሪያ አፍንጫው ሄደ፣ ቀጥሎ ቅጠሉ። መምህሩ ተነስቶ ወጣ። ጨርሼ ስገለብጣት በጀርባዋ ደግሞ እህል የሞላ ቀንድ የታቀፈች ሴት ቆማለች። ለፈቂው ያሳየቻቸው አንዱን ጎን ብቻ ኖሯል። ተቀብላኝ ብዙ አየቻት፤ በአውራ ጣቷ ዳሰሰቻት።

«እሷን ተው» አለችኝ። «የልጄ ባል ወርቅ ፍለጋ ሄዷል፣ ብቻዋን ናት። ይቺ አብራት ትሁን።»

በእኛ ሥራ ከሞረድ የሚረግፈው የብር ብናኝ የባለቤቱ ነው፤ ብናኝ ያስቀረ አንጥረኛ ሌባ ነው። በጨርቅ ቋጥሬ ስሰጣት እጇን ሰበሰበች።

«ፊቱን ይዤ ልግባ?» ብላ ሄደች።

ብናኙን ላቅልጠው ብል የኔ አይደለም። ልጣለው ብልም እጄ እንቢ አለኝ። ከሆሞሻ የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር፣ «ወርቅ አጣቢዋ፣ ልጇ በሰላም ተገላገለችላት?» እላለሁ። እስካሁን የሚያውቅ አላጋጠመኝም።