ሰባተኛውን ነርቭ ፍለጋ ወደ ስድስት ኪሎ

የሐኪምነት ፈቃድ የሚያሰጠው ፈተና ነገ ነው። የአንጎል ግንድ ግን ዛሬም አልገባ ብሎኛል። አውራ ጣት በምታህል ቦታ መተንፈስ፣ መዋጥ፣ የፊት እንቅስቃሴ ሁሉ ታጭቀዋል፤ እግዜር ሲሠራት ቦታ አልቆበት ነበር መሰለኝ። ደህና ሥዕል ያለው መጽሐፍ ያላት ስድስት ኪሎ የምትኖረው ጓደኛዬ ሰናይት ናትና፣ ጠዋት ከአትክልት ተራ ጀርባ ካለው ቤታችን በእግሬ ተነሣሁ። እናቴ በር ላይ ገብስ ትለቅማለች። ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ላለው ወንድሜ ለዳዊት በሶ ልትልክ ነው።

ፒያሳ

የጎመን ቅጠል የሚያዳልጠውን መንገድ አልፌ ፒያሳ ወጣሁ። ልብስ ሰፊው ጋሽ ታደሰ ሳይለክፉኝ አሳልፈውኝ አያውቁም፤ «ዶክተር፣ ወገቤን ጠግኚልኝ፣ ቀሚስሽን በነፃ እጠግናለሁ!» ይሉኛል። ዛሬ ግን ከስፌት መኪናቸው ኋላ ብድግ ብለው ቆባቸውን አወለቁ።

«እግዜር ይርዳሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

የቀበሌ ሱቅ በር ላይ ለስኳር የተሰለፉት ሴቶች ሲያዩኝ መንገድ ከፍተው አሳለፉኝ። በቧንቧ ተራ ሁሌ የምንጣላት ጎረቤታችን ክንዴን ያዘችኝ።

«አይዞሽ፣ የኔ እናት።»

«ለምኑ ነው አይዞሽ?»

«ለ... ለፈተናው ነዋ!»

አራዳ እንዲህ ደግ ሲሆን ደስ አይልም። በአራት ኪሎ አድርጌ ዳገቱን ስወጣ ነገሩ የፈተና ብቻ እንዳልሆነ ጠረጠርኩ።

ስድስት ኪሎ

ሰናይት መጽሐፉን ገልጣ ጠበቀችኝ።

«ሰባተኛው ነርቭ ከግንዱ መሃል፣ ከፖንስ ይወጣል» አለች። «ፈገግ የሚያሰኘን እሱ ነው። እንባም የሚያመጣው...» ድምፅዋ ተሰበረ።

«ዳዊት ነው?» አልኳት።

መጽሐፉ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። «ሽማግሌዎቹ ፈተናሽን እስክትጨርሺ ብለው ነው መርዶውን ያቆዩት። ከነገ ወዲያ ማለዳ ያረዷችኋል። እናትሽ እትዬም ገና አልሰሙም፤ አደራሽን።»

የሰፈራችን ደንብ ነው፤ መርዶ ተማሪን ይጠብቃል። ደግነታቸው ግን አሳበቀባቸው።

ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ፣ ማን ያምናል፣ አጠናን። ፈተናውን ትቼ ቤት ብገባ እናቴ ያለ ዘመድ፣ ያለ ደጋፊ፣ መርዶውን ከፊቴ ላይ አንብባ ብቻዋን ልትረዳ ነው። ወንድሜን ማትረፍ አልቻልኩም፤ ለእናቴ ግን አንድ ቀን ላተርፍላት እችላለሁ።

መልስ

ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ። «ጋሽ ታደሰ፣ ወገብዎን ልጠግነው ወይስ ይቅር?» አልኳቸው፣ ማወቄን እንዳያውቁ። «ከነገ ወዲያ» ብለው መኪናቸው ላይ አቀረቀሩ።

በዚህች አጭር መንገድ የአንጎል ግንድ ገብቶኛል። ፈገግታም እንባም በአንድ ነርቭ እንደሚወጡ ከእንግዲህ አልረሳም። እኔ ዛሬ አንዱን አውጥቼ ሌላውን መመለስ ነበረብኝ፤ እንዴት እንደሚደረግ መጽሐፉ አይልም።

እናቴ በሶውን አስፈጭታ ጨርሳለች። ጥቂት ለውሳ አጎረሰችኝ።

«ዳዊት እንዴት ይወደዋል! ጨው በዝቶበታል እንዴ?»

ፈገግ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«ምነው ልጄ፣ አልዋጥ አለሽ?»

ዋጥኩት።