አንድ ሰው፣ አንድ ፈቃድ

አባቴ በአንድ ሥራ የማይረጋ ሰው ነበር ይባላል። አልነበረም። ባትሪ መሙያውን ትቶ ሬዲዮ መጠገን የጀመረው፣ ሬዲዮውንም ዘግቶ አርሲ ነገሌ ወፍጮ የተከለው ሰልችቶት አይደለም። በደርግ ጊዜ አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ መያዝ አይችልም ነበር። አዲስ ሊያወጣ የፈለገ አሮጌውን ይመልሳል።

ወፍጮው እኛን ያበላ ነበር። የአባቴ ልብ ግን አዳማ ግቢያችን ውስጥ ከአሮጌ የመኪና ሞተር በሚሠራው የውሃ ፓምፕ ላይ ነበር። አዋሽ ዳር ሽንኩርት የሚያለሙ ገበሬዎች ሊያዙት ይመላለሱ ጀመር። ሠርቶ ለመሸጥ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። ከእናቴ ጋር ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዱ።

"ጓድ፣ ወይ ወፍጮውን ወይ ፓምፑን ይምረጡ" አለው ኃላፊው።

"አንዱ በባለቤቴ ስም ቢሆንስ?"

"ባልና ሚስት አንድ ናቸው። ፓስተራችሁም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ወይስ ተሳሳትኩ?"

ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ በየቤቱ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን የምንዘምርበት ጊዜ ነበር። እግዚአብሔር የለም የሚለው መንግሥት ሲመቸው ቃሉን ይጠቅስ ነበር።

ከተማው ለዚህ መላ ነበረው፤ ባልና ሚስት በወረቀት ይፋቱና አንድ ገበታ ላይ እራት ይበላሉ። ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን "ከተፋታን ወዲህ ተጣልተን አናውቅም" እያለ ያስቀን ነበር። አባቴም ነገሩን እንደ ቀልድ አነሳው።

"ለወረቀት ያህል ነው እኮ።"

"ስታገባኝስ ምን ላይ ነበር የፈረምከው?" አለችው እናቴ።

"አንቺ ደግሞ! እግዚአብሔር ልባችንን ያውቃል።"

"እሱስ ያውቃል። የታሰሩት ወንድሞች ግን ሃይማኖቴን ትቻለሁ ብላችሁ ፈርሙና ውጡ ተብለው እምቢ አሉ። እኔ ለፓምፕ ብዬ ፈርሜ ከሚስቶቻቸው ጋር ልዘምር?"

አባቴ በማግስቱ ሞተሩን ይፈታ ጀመር። ከአቦምሳ በኩል የመጣ አንድ ገበሬ የተበታተነውን ብረት እያየ ቆመ። "ጋሼ፣ ታዲያ ወዴት ልሂድ?" አለው። አባቴ ዘይት የነካው እጁን ጠርጎ ጨበጠውና እስከ በር ሸኘው። የሚልከው ቦታ አልነበረውም።

ቀሪ ዕድሜውን የወፍጮ ብናኝ እየሳለ ጨረሰ። ከዚያ በኋላ አንዲትም አዲስ ነገር ሲሞክር አላየሁትም። ስለ ሥራ ፈጣሪዎች የተጻፈ ብዙ መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ ጸሐፊዎቹ ሁሉ ሚስታቸውን የሚያነሷት በምስጋናው ገጽ ላይ ብቻ ነው።

ይህን የሚሰማ ሁሉ "ብትፈርም ምን ነበረበት?" ይለኛል። እሷም አርጅታ፣ እሱ ካለፈ በኋላ፣ "ልፈርም ይገባኝ ነበር እንዴ?" ብላ ጠይቃኛለች። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። አንባቢ ሆይ፣ አንተም ከሌለህ ፍርድህን ለራስህ ያዝ። እናቴን ተዋት።