አፏን ሳትከፍት የጨረሰችው ልጅ

«ይቺ ልጅ ምንም አልለፋችም» አሉ መልማዩ።

እህቴ ከፊታቸው ቆማለች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ደርሷል፤ ደረቷ እንደ ወናፍ ይነሣል ይወርዳል፤ ከንፈሮቿ ግን ግጥም ብለው እንደተዘጉ ናቸው። እኔ ከገመዱ ወዲህ ነጠላዋን ይዤ ቆሜ ነበር። የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። በዚያች ሰዓት በዚያ ሜዳ ላይ ከእህቴ በላይ የለፋ ሰው እንዳልነበረ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ደብረ ማርቆስ ባዮሎጂ ማስተማር የጀመርኩት በዚያው ዓመት ነው። ክረምቱን ደብረ ወርቅ ወላጆቼ ቤት ነበርኩ። አባታችን ቄስ ናቸው። እህቴ የቤታችን የመጨረሻ ልጅ ስትሆን ከሩጫ ሌላ ደስ ብሏት የምትሠራው ነገር አልነበረም። በትምህርቷ ደከም ያለች ናት፤ እሷም ይህን አትደብቅም። ወደ አትሌቲክስ ማሰልጠኛ መግባት የሚቻለው እስከ አሥራ ሰባት ዓመት ብቻ ነው። እሷ ደግሞ አሥራ ሰባት ሞልቷት ነበር። ያ ዓመት ካለፋት አለቀ ማለት ነው።

ለማሰልጠኛው ልጆች የሚመርጡት መልማይ ይመጣሉ የተባለው ከፍልሰታ ጾም በኋላ ነበር። ይሁንና ሊሄዱበት የነበረውን የሌላ ወረዳ መንገድ ጎርፍ ቆረጠውና ሳይታሰብ በጾሙ መሀል እኛ ዘንድ መጡ። ስልኬ ሲንቀጠቀጥ ቅዳሴ ገና መውጣቱ ነበር። የደወለው ሦስት ዓመት ሙሉ እህቴን ያሠለጠናት የስፖርት መምህሯ ነው።

«መልማዩ ሜዳ ላይ ናቸው፤ ልጅቷን ይዘሻት ነይ!»

«አሁን?»

«አሁን ነው እንጂ! ዛሬ አይተው ነገ በጠዋት ይሄዳሉ። ባጃጅ ያዙ፣ በእግር እንዳትመጡ።»

ዞር ስል እህቴ ከሴቶቹ በር በኩል ስትመጣ አየሁ። አፏን በነጠላዋ ሸፍናለች። ቆርባለች። የቆረበ ሰው የዚያን ቀን አይተፋም፤ ከባድ ሥራም አይሠራም፤ አንዳች ነገር እንዳይገባበት አፉን ሸፍኖ ቀስ ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ጉዳዩን ስነግራት ዓይኖቿ ፈጠጡ። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እጄን ይዛ አባታችን ወደ ቆሙበት ጎተተችኝ።

«አባባ፣ መልማዩ መጥተዋል። ዛሬውኑ ነው የሚያዩት» አልኳቸው።

«ዛሬ? በዚህ ቀን?» እህቴን አዩዋት። «እሷ እንደሆነች ቆርባለች።»

«አውቃለሁ። ነገ የሉም አሉ።»

አባቴ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ሰው እየመጣ መስቀል ይሳለማል፤ እሳቸው እያሳለሙ ያስባሉ። እምቢ እንደሚሉ እርግጠኛ ነበርኩ። በመጨረሻ ወደ እህቴ ጎንበስ ብለው፦

«ሂጂ ሩጪ። እግዚአብሔር የሰጠሽ እግር ነው። ብቻ አደራ፣ እንዳትተፊ» አሏት።

ሜዳው ላይ ስንደርስ ሌሎቹ ልጆች ተሰልፈው ነበር። መምህሩ ጫማዋን አምጥቶ እየጠበቃት ስለነበረ «ቶሎ በይ፣ ቶሎ በይ!» ከማለት በቀር ምንም አልጠየቃትም። ነጠላዋን አውልቃ ሰጠችኝ። ሩጫው ተጀመረ።

በቤታችን የእህቴ አሯሯጥ መሣቂያ ነው። ስትሮጥ አፏን እንደ ጉድጓድ ትከፍታለች። «ዝጊው፣ ወፍ ይገባብሻል» ስላት «ከገባ ጠብሼ እበላዋለሁ» ትለኝ ነበር። የዚያን ቀን ግን በመጀመሪያው ዙር በፊቴ ስታልፍ አፏ ተዘግቷል። ገና ስለሆነ ነው ብዬ አለፍኩት። በሁለተኛውም ዙር ተዘግቷል። ሌሎቹ በግራ በቀኝ እየተፉ፣ አየሩን እየጎረሱ ያልፋሉ። በሦስተኛው ዙር የአፍንጫዋ ቀዳዳ ተለጥጦ ትንፋሿ ሲያፏጭ ሰማሁት። ያን ጊዜ ገባኝ። ከማታ ጀምሮ እህል ውኃ በአፏ ያልዞረ ልጅ፣ በዚያ ጭቃ ላይ፣ በአፍንጫዋ ብቻ እየተነፈሰች ነው። ሰው ሲሮጥ ምን ያህል አየር እንደሚፈልግ ለተማሪዎቼ ሳስተምር ነው የከረምኩት። አሁን ትወድቃለች፣ አሁን ትወድቃለች እያልኩ ነጠላዋን ጨምድጄ ቆምኩ።

አልወደቀችም። ሦስተኛ ሆና ገባች።

መልማዩ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ ሰማያዊ ቱታ ለብሰው ኮፍያ ደፍተዋል። አንገታቸው ላይ የሩጫ ሰዓት ተንጠልጥሏል፤ ግን አንድም ጊዜ ሲያዩት አላየሁም። የቆሙት ከመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ነበር። ከዚያ ሆነው የልጆቹን ፊት ያያሉ። ከእኛ ዘንድ የሚወስዱት ሁለት ሴቶችን ነው። አንደኛ የወጣችውን መረጡ። ቀጥለው ስድስተኛ የወጣችውን መረጡ።

ስድስተኛዋ መስመሩ ላይ ስትደርስ አፏን ከፍታ ዘፍ ብላ የወደቀች ቀጭን ልጅ ነበረች። መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ይቺ እኮ ለሰንደቅ ዓላማ ስትሰለፍም ትወድቃለች» አለኝ። ለመሳቅ አቅም አልነበረኝም።

እህቴ አልለፋችም የተባለው ያን ጊዜ ነው። መምህሩ «ጋሼ፣ ሦስተኛ ወጥታለች እኮ» ሲላቸው እንዲህ አሉ፦

«እኔ ሰዓትም ተራም አላይም፤ ፊት ነው የማየው። ፊት አይዋሽም። ያለውን ሁሉ የሰጠ ሰው አፉን ይከፍታል። ይቺ ግን ለሽርሽር እንደወጣች ሁሉ አፏን ዘግታ መጣች። ብትለፋማ አንደኛ በወጣች። ሰነፍ ይዤ ሄጄ ምን ልላቸው ነው?»

«ፈርታ ነው፤ ሰው ፊት ስትሆን ትፈራለች» አለ መምህሩ።

ከመልማዩ ይልቅ የእሱ አነጋገር ነው ያስደነገጠኝ። መልማዩ ሲያዩዋት የመጀመሪያቸው ነው። እሱ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ያ የተከፈተ አፍ በፊቱ ሲመላለስ አይቷል። ነጠላዋን ተሸፍና ስትገባም አይቷታል። እሱ ራሱ እኮ የጾመ ሰው ነው!

እህቴ መልስ አልሰጠችም። አፏን ብትከፍት ምራቋ የሚረጭ መስሏት እንደሆነ አውቃለሁ። ዞር ብላ እኔን አየችኝ።

ሰው ፊት መናገር እፈራለሁ። ክፍል ውስጥ እንኳ ለተማሪዎቼ ከመናገሬ በፊት ጥቁር ሰሌዳውን እያጠፋሁ ራሴን አረጋጋለሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ በገመዱ ሥር ሾልኬ መልማዩ ፊት ቆሜ ራሴን አገኘሁት።

«ቆርባ ነው» አልኩ።

«ምን አልሽ? ጮክ በይ እስቲ።»

«ቆርባ ነው! አፏን የዘጋችው ቆርባ ስለሆነ ነው!»

መልማዩ ኮፍያቸውን አወለቁ።

«መቼ?»

«አሁን። ከቤተ ክርስቲያን ነው በቀጥታ የመጣነው።»

«እና ማን ነው ሩጪ ያላት?»

«አባታችን። ቄስ ናቸው።»

ወደ እህቴ ዞሩ። «እውነት ነው ልጄ? ያን ሁሉ በአፍንጫሽ?» ራሷን ነቀነቀች። አማተቡ። «በስመ ሥላሴ! ይህን ያህል ዘመን ስመለምል እንዲህ ያለ ሳንባ አይቼ አላውቅም!»

አንድ ሲኒ ቡና በማይጠጣበት ጊዜ ውስጥ ሰነፍ የነበረችው እህቴ ተአምር ሆነች። እግሯ ያው፣ ሳንባዋ ያው፣ የወጣችበት ተራም ያው ነው። ከመደሰቴ በፊት መልማዩ እጃቸውን ወደ ሣሩ ዘርግተው «ያቺ ትቅር፤ ይቺን እወስዳለሁ» ሲሉ ሰማሁ።

የወደቀችው ልጅ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ጭቃዋን እየጠረገች ነበር። ቀና አለች።

«እኔስ?»

«አንቺ ለከርሞ» አሏት።

እኔ የተናገርኩት ለእህቴ ነበር። የምጠይቅላት ቦታ የሌላ ሰው ሆኖ እንደቆየ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ልጅቷ አላለቀሰችም። ጭቃዋን መጥረግ ቀጠለች።

ማታ ጉዳዩን ለአባቴ ስነግራቸው እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

«እኔ አትትፊ አልኩሽ እንጂ አትተንፍሺ አልኩሽ?»

«ዝንብ ቢገባብኝስ አባባ?» አለች እህቴ። የዚያን ቀን ድምፅዋን ስንሰማ የመጀመሪያችን ነበር።

እህቴ ማሰልጠኛ ገባች። መልማዩ የእሷ አሠልጣኝ አይደሉም፤ ልጆቹን አምጥተው አስረክበው ወደ ሌላ ወረዳ ይሄዳሉ። እሁድ እሁድ ስትደውል ስለ ምግቡ፣ ስለ ብርዱ፣ ስለ አልጋ ጓደኛዋ ኩርፊያ ታወራልኛለች። ስለ ትንፋሽ አንድም ቀን አውርተን አናውቅም። እኔም ነገሩ ያለፈ መስሎኝ ነበር።

ዘንድሮ መልማዩ የመጡት ጾሙ ከተፈታ በኋላ ነው። እኔም ለእረፍት ቤት ነበርኩ። ወደ ሜዳው የሄድኩት ያቺን የወደቀችውን ልጅ ለማየት ነው። ዓመቱን ሙሉ ጠዋት ጠዋት በደጃችን እየሮጠች ስታልፍ እናቴ ታያት ነበር። ዘንድሮ እሷም አሥራ ሰባት ሞልቷታል።

ሮጠች። አፏን ከፍታ፣ እጇን እየወነጨፈች ሁለተኛ ወጣች። መስመሩን ካለፈች በኋላ አለመውደቋ እሷን ራሷን ሳያስገርማት አልቀረም፤ ቆማ እግሯን አየችው። እኔም ደስ ብሎኝ ወደ መልማዩ ጠጋ አልኩ። ለመምህሩ እንዲህ ይሉታል፦

«አየሃት? ገና በመጀመሪያው ዙር አፏ ተከፈተ። ሳንባ የላትም። አምና ከዚህ የወሰድኳት ልጅ ትዝ ትልሃለች? ሙሉውን በአፍንጫዋ! አትሌት ማለት እሷ ናት።»

ከአንደኛዋ ጋር የመረጡት ሰባተኛ የገባችውን ነው። ጥርሷን ነክሳ፣ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ከንፈሯን እንደ ዘጋች የጨረሰች ልጅ ናት። መምህሩ ገለል አድርጎ «በየወረዳው ሲዞሩ የሚያወሩት ይህንኑ ነው። ደምበጫ በኩል ልጆቹ አፋቸውን በሻሽ አስረው መለማመድ ጀምረዋል አሉ» አለኝ።

«አንተስ ምን አልካቸው?»

«ምን እላቸዋለሁ? እህትሽ ገብታበታለች።»

«ቆርባ ነው» ያልኩት እህቴን ከአንድ ስሕተት ለማውጣት ነበር። ቃሌ እግር አውጥቶ ወረዳ ለወረዳ ሲዞር ከርሟል።

ስልኬን አወጣሁ። እህቴ ከሳምንት በፊት የላከችልኝ ፎቶ አለ። ማሰልጠኛው ውስጥ ሲወዳደሩ ከፊት ለፊት የተነሣ ነው። አፏ ከመከፈቱ የተነሣ የኋላ ጥርሶቿ ይቆጠራሉ።

«ጋሼ፣ ይቺን ልጅ ያውቋታል?»

መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ራቅ አድርገው ያዙት። «አላውቃትም። የየት ልጅ ናት? አፏን ተመልከቺልኝ እስቲ! ይቺ ሩቅ አትሄድም።»

«በዚህ ውድድር አንደኛ ወጥታለች።»

«እንዴ! ማን ናት?»

«አምና የወሰዷት እህቴ ናት። ሁልጊዜም የምትሮጠው እንደዚህ ነው። የዚያን ቀን ብቻ ነው የዘጋችው።»

ስልኩ ብርሃኑን እስኪያጠፋ ድረስ ትክ ብለው አዩት። ጠጋ ብዬ ነክቼ አበራሁላቸው። እንደገና አዩት። መምህሩ አጠገባችን ቆሞ ጉሮሮውን ይጠራርጋል።

«ሁለተኛ የወጣችው የታለች?» አሉ በመጨረሻ።

ሣሩ ላይ አልነበረችም። ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ከበሩ ወጥታ ወደ ገበያው መንገድ እየታጠፈች ነበር። ልጠራት ብሞክር ድምፄ አልደርስ አለ። ሮጥኩ። ከትምህርት ቤት ወዲህ ሮጬ አላውቅም። ቀሚሴን ሰብስቤ «አንቺ! አንቺ ልጅ!» እያልኩ በጭቃው ተከተልኳት። የጤፍ ከረጢት የተሸከሙ ሰዎች ቆመው አዩኝ።

ዞር አለች።

«ነይ፣ ይፈልጉሻል» አልኳት ቁና ቁና እየተነፈስኩ።

«ለምን? ልዘጋው ሞክሬ አልሆነልኝም እኮ። ከፍቼ ነው የሮጥኩት» አለችኝ። ታውቅ ነበር። ሁሉም ልጆች ያውቁ ነበር። ቀጥላ ፊቴን አየችና ፈገግ አለች። «እትዬ፣ አንቺም ከፍተሻል።»

ስንመለስ መልማዩ የአንገታቸውን ሰዓት በእጃቸው ይዘው ቁጥሮቹን እየነካኩ ነበር። ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አይተው «ሁለተኛ ነሽ አይደል?» አሏት። «ነኝ» አለች። «በቃ ሁለተኛ ነሽ። ነገ ጠዋት ከወላጅሽ ጋር ነይ።» ልጅቷ ቆማ ቀረች፤ አሁን የምትወድቅ መስሎኝ ክንዷን ያዝኩ።

ጥርሷን ነክሳ የሮጠችው ልጅ ከመምህሩ ጎን ቆማ ሁላችንንም ታየናለች። ቦታዋ ሄደ፤ ዕድሜዋ ገና ስለሆነ ለከርሞ ትሞክራለች አሉ መልማዩ። ይህም ያጽናናኝ አይምሰላችሁ።

መልማዩ ወደ መኪናቸው ሲሄዱ ጠሩኝ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ» አሉኝ ቀስ ብለው። «አፍ ካልሆነ ታዲያ ምኑን ልይ?»

«ሰዓቱን» አልኩ።

«ሰዓትማ የሚነግረኝ የዛሬን ነው። የዛሬ አምስት ዓመቱን ነው እኔ የምፈልገው።»

አሁን የምናገረው ቃልም ወረዳ ለወረዳ እንደሚዞር ታየኝ። ይህን ያህል ዘመን በልጆች ዕድል ላይ ሲፈርዱ የኖሩ ሰው እኔን ይጠይቁኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ኮፍያቸውን እንደያዙ መልሴን ጠበቁ። ጭቃ በልብሴ ላይ እየደረቀ ቆሜ ቀረሁ።