ሽማግሌ የመጣባት እሁድ

አስተማሪያችን ያን ዕለት ባይናገር ኖሮ ዝም ብዬ እሠራ ነበር። የዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ነው፤ የቆቦ ፀሐይ የክፍሉን ቆርቆሮ አግሎት ግማሻችን እናንቀላፋለን። እሱ ግን መጽሐፉን አጠፍ አደረገና፣ «እየሠራችሁ የምትማሩ ካላችሁ ስሙኝ» አለ። «ዕድሜው አሥራ ስምንት ያልሞላ ሠራተኛ በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ አይሠራም። ማታ አይሠራም። ትርፍ ሰዓት የለበትም። በሳምንት ዕረፍቱና በበዓል ቀን ግባ አይባልም። ይሄ ልመና አይደለም፣ ሕግ ነው።»

እንቅልፌ ብን ብሎ ጠፋ። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ያን ቀንም ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ ሽንኩርት ስከትፍ፣ ብርጭቆ ሳጥብ ቆይቼ ነው ክፍል የገባሁት። ከዚያ ወዲህ ሰላም አጣሁ። ሳላውቅ ስሠራ ይደክመኝ ነበር እንጂ አያስጨንቀኝም። ካወቅሁ በኋላ ግን እያንዳንዱን ሰዓት እቆጥር ጀመር።

የምሠራው አውራ ጎዳናው ዳር ካለ ምግብ ቤት ነበር። ከወልድያ ወደ አላማጣ የሚያልፍ ሹፌር ሁሉ እዚያ ይቆማል። አባቴ ከዋጃ ወዲያ ማሽላ የሚያርስ ሰው ነው፤ ቆቦ ላይ ቤት ተከራይቶ ሊያስተምረኝ አቅም አልነበረውም። ከጓዳው ጀርባ ያለችውን የምተኛባትን ክፍል ያገኘሁት በዚሁ ሥራ ነው። ውላችን የቃል ነበር። ትምህርት ቤቱ ተማሪ ስለበዛበት በፈረቃ ያስተምራል፤ አንድ ሳምንት ጠዋት ከገባን በሚቀጥለው ሳምንት ከሰዓት እንገባለን። ጠዋት ስማር ከሰዓት፣ ከሰዓት ስማር ጠዋት ልሠራ ተስማማን። መጀመሪያ ላይ ደህና ሄደ። ኋላ አብራኝ የምትሠራው ልጅ ዓረብ አገር ሄደች። አሠሪዬም፣ «ሌላ እስክናገኝ ነው፣ ትንሽ ታገሺ» አለችኝ። ሌላ አልተገኘም፤ እውነቱን ለመናገር አልተፈለገም።

ከዚያ ሥራው ፈረቃዬን እየበላው መጣ። የምሳ እንግዳ ሲበዛ የከሰዓቱ ትምህርት ያመልጠኛል፤ ቁርስ ሲበዛ የጠዋቱ። የክፍል ኃላፊያችን ጠርቶኝ፣ «ከእንግዲህ ብትቀሪ ስምሽ ይሰረዛል፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አትቀመጪም» አለኝ። ለእኔ ያቺ ፈተና ሁሉ ነገሬ ነበረች። ታላቅ እህቴ ትምህርቷን ባቋረጠች በዓመቱ ነው የተዳረችው። እኔም ባቋርጥ ምን እንደሚጠብቀኝ አሳምሬ አውቀው ነበር።

አሠሪዬ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ስታመም አጥሚት ሠርታ የምታጠጣኝ፣ በዓል ሲመጣ ልብስ የምትገዛልኝ ሴት ናት። «እናትሽ ነኝ፣ እትዬ አትበይኝ» ትለኛለች፤ እኔ ግን እትዬ ከማለት አልወጣሁም። አንድ ቀን ጓዳ ገባሁና ጠየቅኋት።

«እትዬ፣ ሕጉ ለኛ ለልጆች በቀን ሰባት ሰዓት ነው ይላል። ሰዓቴ ቢቀነስልኝ...»

የያዘችውን ጭልፋ አስቀመጠችው። «በእናት ቤት ሰዓት ይቆጠራል እንዴ?» አለችኝ።

አልተቆጣችም፤ አዘነች። ብትቆጣ ኖሮ መልስ አይጠፋኝም ነበር፤ አፌ ለጉድ ነው። ሐዘኗን ሳይ ግን ይቅርታ ጠይቄ ወደ ዕቃዬ ተመለስኩ። ሳጥብ በንዴት አንድ ሁለት ብርጭቆ ሰበርኩ።

ለአባቴ ደወልኩ። ወደ ሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄጄ ላመለክት እንደሆነ ነገርኩት፤ አስተማሪው ያለውንም አንድ በአንድ ነገርኩት።

«ያኖረችሽን ሴት እንዴት ትከሺያለሽ ልጄ? የሰው ፊት አታጥፊ» አለኝ። «አብሽሪ፤ እኔ አንድ ነገር አደርጋለሁ።»

ስልኩ ተዘጋ። አንድ ነገር ማለት ምንድን ነው? መጥቶ ሊወስደኝ ነው? እህቴንም «አንድ ነገር አደርጋለሁ» ብሎ ነው የዳራት። ያን ሳምንት በሩ ላይ ሰው በቆመ ቁጥር አባቴ ይሆን እያልኩ አጮልቅ ነበር።

እሁድ ጠዋት ሁለት ሽማግሌዎች ዱላቸውን ይዘው ደጁ ላይ ቆሙ። አንደኛው ነጭ ጋቢ የደረቡ፣ የማላውቃቸው የክርስቲያን አባት ናቸው። ሁለተኛውን ሳይ ግን የያዝኩት የሻይ ትሪ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። የአባቴ ሰፈር ሼህ ናቸው። እህቴን ለጋብቻ ሊጠይቁ ቤታችን የመጡት እሳቸው ነበሩ።

«አማን ናችሁ? ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ» አለች አሠሪዬ።

«አንቀመጥም» አሉ ሼሁ። «ለጉዳይ ነው የመጣነው። ጉዳዩም ስለዚች ልጅ ነው።»

በእኛ አገር ሁለት ሽማግሌ ጠዋት መጥቶ፣ አልቀመጥም ብሎ ስለ ሴት ልጅ ሲያነሳ ነገሩ ማብራሪያ አይፈልግም። አባቴ ሸጠኝ አልኩ በልቤ። ፈተናዬ ቀረ፣ ሁሉም ነገር ቀረ። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። አሠሪዬም እንደ እኔው ነው የገባት፤ ፊቷ በአንድ ጊዜ ተለዋወጠ።

«አይሆንም!» አለች። «ያ የጭነት መኪና ሹፌር ነው አይደል የላካችሁ? ሻይ በጠጣ ቁጥር ሲያፈጥባት አይቼዋለሁ! ልጅቷ ገና ልጅ ናት። አሥራ ስምንት አልሞላትም፣ ሕግ አለ! ቀበሌ በየስብሰባው የሚለፈልፈው ምን መሰላችሁ? ፈተናዋ ደርሷል፣ ትማር! እኔ እናቷ እዚህ ቆሜ ማንም አይነካትም።»

በዚያች ሰዓት ወደድኳት። ከልቤ ነው የምለው። ሽማግሌዎቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ፤ ከሼሁ ጢም ሥር ፈገግታ ብልጭ አለ።

«አላህ ይባርክሽ» አሉ ሼሁ ቀስ ብለው። «ለጋብቻ አልመጣንም። አባቷ ነው የላከን። የመጣነው አሁን አንቺ ያልሽውን ልንልሽ ነበር። ልጅ ናት አልሽ፣ ትማር አልሽ፣ እናቷ ነኝ አልሽ። ታዲያ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ እስኪመሽ የምትሠራው፣ ከትምህርቷ የምትቀረው የማን ልጅ ናት?»

አሠሪዬ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

ጋቢ የለበሱት ቀጠሉ። «ለሥራም ሕግ አለ አሉ። በቀን ሰባት ሰዓት፣ ማታ ሥራ የለም፣ በዕረፍት ቀንም ሥራ የለም። እኛ ግን በሕግ አልመጣንብሽም፤ ልንለምንሽ ነው የመጣነው።»

ውስጤ ተቃጠለ። ለምን ትለምናላችሁ? አስተማሪው ልመና አይደለም ብሏል እኮ! የጋብቻውን ሕግ ቀበሌው፣ እድሩ፣ ሻይ ጠጪው ሁሉ ያውቀዋል። የሥራውን ሕግ ግን በዚያ ቤት ከእኔ በቀር ያነሳው ሰው አልነበረም፤ እኔ ሳነሳው ደግሞ ምስጋና ቢስ ሆንኩ። ይህን ሁሉ መናገር ፈለግሁ። ያደረግሁት ግን ትሪዬን አጥብቄ መያዝ ብቻ ነው።

«እሺ» አለች አሠሪዬ፣ ድምፅዋ ወርዶ። «ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። ሽማግሌ ከተቀመጠ ልመናው ተሰምቷል ማለት ነው። ሻይ ቀዳሁላቸው፤ ግማሹን ሳህኑ ላይ ደፋሁት። መርቀውን፣ አሚን ብለን፣ በባጃጅ ሄዱ።

ከእሷ ጋር ብቻችንን ቀረን። ያኔ ነው ፍርሃቱ በእጥፍ የመጣው። ለሽማግሌ እሺ ማለት ቀላል ነው፤ ሽማግሌው ሲሄድስ? ክፍሌ የእሷ፣ አልጋዬ የእሷ ነው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ።

«ሽርጥሽን ፍቺ» አለችኝ።

አለቀልኝ አልኩ። ቋጠሮው አልፈታ አለኝ። እንደምንም ፈትቼ ሰጠኋት። ልብሴን በምን ላስር ብዬ እያሰብኩ ወደ ክፍሌ ዞርኩ። ዘወር ብዬ ሳይ ሽርጡን በራሷ ወገብ ላይ እያሰረች ነበር።

«ነገ ፈረቃሽ የጠዋት ነው የከሰዓት?» አለችኝ።

እዚያ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ይህን ጠይቃኝ አታውቅም።

«የጠዋት» አልኳት።

«ታዲያ ምን ይገትርሻል? ዛሬ እሁድ አይደል፤ ሂጂ አጥኚ» አለችኝና ሽማግሌዎቹ የጠጡበትን ብርጭቆ ልታጥብ እጅጌዋን ሰበሰበች።