አምስት ሲባል አሥር የሰጠው መሣሪያ

ዛሬ ጠዋት በምሠራበት ኮሌጅ ላቦራቶሪ ኮምፒውተሩ አምስት ቮልት ስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ሲግናል ማመንጫ መሣሪያ አሥር ሰጠ። ከታዘዘው አብልጦ የሚሠራ ባልደረባ ሐዋሳ ውስጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ሦስት ምሁራን ከበቡት። አንዱ ኬብሉን፣ አንዱ ሶፍትዌሩን፣ አንዱ የሐይቁን እርጥበት ጠረጠረ። ሐይቁን መቅጣት ስለማይቻል «ሰናይት ናት ያበላሸችው» ተብሎ በቴክኒሻኗ ላይ ደብዳቤ ሊጻፍ ሆነ።

የመሣሪያው መመሪያ እንዳይቆሽሽ ተብሎ እኔ ዘንድ፣ ንብረት ክፍል ተቆልፎበታል። ባሌ ከሞተ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ስለማነብ፣ መመሪያውንም በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ ጨርሼዋለሁ።

«መሣሪያው ግማሹን ቮልት የሚወስድበት ሌላ ዕቃ የተገጠመለት መስሎት ነው እጥፍ የሚያወጣው። ምንም እንዳልተገጠመለት በኮምፒውተሩ ንገሩት» አልኳቸው።

«እትዬ አስካለ፣ ይሄን ደግሞ ከየት አመጡት?»

«ከቆለፋችሁበት።»

አንዲት ምርጫ ተቀየረች፤ አምስት ሆነ። ደብዳቤውም ቀረ።

ከዓመታት በፊት እንዲሁ ባለ ነገር አንድ ቴክኒሻን ሲባረር መልሱን እያወቅኩ ዝም ብያለሁ። ሰውዬው አሁን ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ ይሸጣል። እኔም ዓሣ አልወድም ማለት ከጀመርኩ ስንት ዓመቴ።

ነገ ሄጄ እገዛለሁ። እነግረዋለሁም።

እናንተስ፣ እያወቃችሁ ዝም ያላችሁበት ቀን አለ? በኋላስ ለሰውዬው ነገራችሁት?