ቆርቆሮ ልማር ናይሮቢ ሄድኩ

ከደብረ ብርሃን ልወጣ ዋዜማ ምሽቱን ቤታችን በሰው፣ ሻንጣዬ በበሶና በሽሮ ተሞልቶ ለልብስ የተረፈው ቦታ የመሃረብ ያህል ነበር። የመጣው ጎረቤት ሁሉ «ምን ልትማሪ ነው?» ይለኛል። የኬሚስትሪ አስተማሪ ነበርኩና ማስረዳት ይቀናኛል፤ «ኢንዲየም ኦክሳይድ የሚባል ነገር አለ። እሱን በዓይን እስከማይታይ አድቅቄ እሠራና ትንሽ ቆርቆሮ አስገባበታለሁ» እላለሁ። የሚሰሙት ቆርቆሮዋን ብቻ ነው። ሞያሌ ስደርስ የኬላው ሹም እንኳ ፓስፖርቴን እያገላበጠ «እዚህ ቆርቆሮ ጠፍቶ ነው?» አለኝ።

«የጣራው አይደለም፤ ማዕድኑ ነው።»

«የጣራውም መጀመሪያ ማዕድን ነበር» ብሎ ማህተሙን መታልኝ።

ናይሮቢ ካሳራኒ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራየሁ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ስረግም ያደግኩ ሴት፣ መስኮቴ ወደ ምዕራብ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ እንደ ቋንጣ እደርቅ ጀመር። ኡጋሊ ቀረበልኝ፤ ቅቤና በርበሬ የተረሳበት ገንፎ ነው። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ሙዚቃው ስለሚጮህ «ወራጅ አለ» ለማለት ጎረቤትን መጎንተል ነው።

ሁለት ዓመት በክፍል ትምህርት አልፎ ላብራቶሪ ስገባ ግን ሥራዬ እንቢ አለኝ። ቆርቆሮው በልኩ ከገባ፣ ያቺ ደቃቅ ቅንጣት ብርሃኑን አሳልፋ ሙቀት የሚያመጣውን የማይታይ ጨረር ትውጣለች። የእኔዎቹ ዓመት ሙሉ ምንም አልዋጡም። ፕሮፌሰሬ «በዚህ ሴሚስተር ካልተሳካ ስኮላርሺፑ ይቋረጣል» አለኝ። ስኮላርሺፕ ከሌለ የተማሪ ፓስ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለም፤ ፓስ ከሌለ ወደ መጣሁበት ነው። ማታቱው ውስጥ አለቀስኩ፤ በዚያ ጩኸት ማንም አልሰማኝም።

ያዳኑኝ የላብራቶሪው ቴክኒሻን ምዜ ኦቲየኖ ናቸው፤ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ ሽማግሌ። አንድ ቀን አጠገቤ ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ዳዳ» አሉኝ፤ እህቴ ማለታቸው ነው። «ኡጋሊ ስትሠሪ ዱቄቱን ባንዴ ትደፊዋለሽ?»

«ኡጋሊ አልሠራም።»

«ያስታውቃል» አሉ። «ቆርቆሮውንም ከኢንዲየሙ ጋር ባንዴ ገልብጠሽ ታሞቂዋለሽ። ፖሌ ፖሌ! ቀስ በይ!»

ተናደድኩ። ሆኖም ሌላ መላ አልነበረኝምና በማግስቱ ሁለቱን ቀላቅዬ፣ በሲሪንጅ ጠብ፣ ጠብ እያደረግኩ በጋለ ዘይት ውስጥ ሳንጠባጥብ ዋልኩ። ክንዴ ዛለ። ውጤቱን መለኪያው ውስጥ ስናስገባ፣ ዓመት ሙሉ ዝርግ ሆኖ የኖረው መስመር ጉብ አለ! ዋጠች! በሚቀጥሉት ሳምንታት ቆርቆሮ ስጨምር ጉብታው ወደ ግራ፣ ስቀንስ ወደ ቀኝ ሄደ። እኔም አብሬው ግራና ቀኝ ስወዛወዝ ምዜ ኦቲየኖ «ሳይንስ ነው ዳንስ?» ብለው ሳቁ።

አላስችል ብሎኝ የመስኮቴን ግማሽ በሠራኋቸው ቅንጣቶች ቀባሁት። አከራዬ ማማ ንጄሪ ወሬው ደርሷቸው አራት ፎቅ እያለከለኩ ወጡ።

«መስታወቴን ምን ቀባሽው?»

«የማይታይ ነገር ነው፣ ማማ።»

«የማይታይ ከሆነ ለምን ቀባሽው? ውላችን ቀለም አይቀባም ይላል!»

«እጅዎን እዚህ ጋ ያድርጉ። አሁን ደግሞ እዚያ ጋ።»

ከተቀባው ወዳልተቀባው፣ ካልተቀባው ወደተቀባው እጃቸውን ሲያመላልሱ ቆዩ፤ በተቀባው በኩል የሚገባው ፀሐይ አያቃጥልም። ከዚያ ፊታቸውን አኮሳትረው፣ «ውሉ ተጥሷል። ቅጣትሽ የእኔን መኝታ ቤት መስኮት መቀባት ነው» አሉኝ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ቤት ደወልኩ። አባዬ ስኮላርሺፑ እንደተራዘመልኝ ሲሰማ እልል አስባለ፤ ቀጥሎ «ታዲያ መቼ ልትመጪ ነው?» አለ። መራዘሙ ለእሱ ሌላ ትርጉም አለው። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር፣ እኔ ከወጣሁ በኋላ የተወለደች የወንድሜ ልጅ እጅ ገባ።

«ማነሽ?» አለች።

«አክስትሽ ነኝ።»

«የቷ አክስቴ?»

ምን ልበላት? ስሜን ልናገር ስል ቀደመችኝና፣ «አወቅኩሽ! የስልኳ!» ብላ ስልኩን አስቀምጣ ወደ ጨዋታዋ ስትሮጥ፣ የኮቴዋን ድምፅ እስኪጠፋ አዳመጥኩት።